ከእንጦጦ ጀርባ ያለው የባሕር ወለል፦ ከአቃቂ እስከ ጀማ የጉዞ ማስታወሻ

የአዲስ አበባን የግንባታ ገበያ የሚያውቅ ሰው ሙገር፣ ደርባ፣ ዳንጎቴና ለሚ የሚሉትን ስሞች በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ሲያነባቸው ኖሯል። ቦታዎቹን በካርታ ላይ ለፈለገ ሰው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ አራቱም ፋብሪካዎች ከከተማዋ በስተሰሜንና በስተሰሜን ምዕራብ፣ የዓባይ ገባር ወንዞች ደጋውን ቆርጠው በወረዱበት ጠርዝ አካባቢ ተቀምጠዋል። በስተደቡብ በአቃቂ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል የድንጋይ ካባው፣ የቀይ አሸዋ ጉድጓዱና የፑሚስ (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ቀላል ድንጋይ) ማውጫው ሞልቶ ሳለ፣ ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ግን ከዚያ ተጭኖ ሲመጣ አይታይም። የዚህ ጉዞ ዓላማ ምክንያቱን ቦታው ድረስ ሄዶ መመልከት ነበር።

የተጓዝነው በኅዳር፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቆ ገደሉ ገና ሣሩን ሳያጣ ነው። አብረውኝ የነበሩት አንድ ጡረታ የወጡ የጂኦሎጂ መምህርና ለብዙ ዓመታት ሲሚንቶ በሲኖትራክ ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ናቸው። መምህሩ ድንጋዩን ያውቁታል፤ ሾፌሩ ደግሞ መንገዱን፣ ጭነቱንና ዋጋውን። ሁለቱ ሲከራከሩ ማዳመጥ ብቻውን ብዙ ያስተምራል።

ረቡዕ ከሰዓት፦ አቃቂ

ከቃሊቲ አልፎ ወደ ደቡብ ሲወጣ ሜዳው መሐል ብቅ ብቅ ያሉ ትንንሽ ኮረብታዎች ይታያሉ፤ ብዙዎቹ በአንድ ጎናቸው ተቦርቡረው ቀይ ሆዳቸው ወጥቷል። ከእሳተ ገሞራ አፍ እየተረጨ ወጥቶ በአየር ላይ ሳለ የቀዘቀዘ፣ ጋዙ ሲያመልጥ ቀዳዳ የቀረበት ስኮሪያ ነው። በእጅ ሲያነሱት ከመጠኑ ይልቅ ይቀላል፤ ለመንገድ ሙሌትና ለብሎኬት የሚፈለገውም ስለዚሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቁር ባዛልት በክሬሸር ተፈጭቶ ዜሮ ዜሮ፣ ዜሮ አንድ፣ ዜሮ ሁለት እየተባለ በመጠኑ ተለይቶ ይሸጣል።

የአቃቂ ትልቁ ሀብት ግን የሚታየው ድንጋይ አይደለም። ይኸው ቀዳዳማ ስኮሪያና የተሰነጣጠቀ ባዛልት ከመሬት በታች ውኃ ስለሚያጠራቅም፣ ከተማዋ ከምትጠጣው ውኃ ከፍተኛ ድርሻ ያለው የሚቀዳው ከዚህ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። ሾፌሩ ቆፋሪዎቹ ወደ ታች ሲወርዱ የኖራ ድንጋይ ደርሰው እንደሚያውቁ ጠየቀ። መምህሩም፣ «በመቶ የሚቆጠር ሜትር ብትወርድ የምታገኘው ያው እሳተ ገሞራ ነው፤ የምትፈልገው ድንጋይ ከዚህ በታች ቢኖርም ማንም ቆፍሮ በማያተርፍበት ጥልቀት ነው» አሉት። ወጨጫ፣ ፉሪና የረር፣ ከተማዋን ከደቡብ ምዕራብና ከደቡብ ምሥራቅ የከበቧት እነዚህ ተራሮች፣ ዕድሜያቸው ከ5 ሚሊዮን ዓመት በታች የሆነ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። በጂኦሎጂ ሚዛን ትናንት የተወለዱ ስለሆኑ በነሱ ወገን ያረጀውን ድንጋይ መፈለግ ድካም ነው።

ሐሙስ፦ እንጦጦ፣ ሱሉልታ፣ ጫንጮ

በጠዋት ወደ እንጦጦ ወጣን። ከከተማው ሲያዩት ግድግዳ የሚመስለው የተራራው ደቡባዊ ፊት በእርግጥም ግድግዳ ነው፤ ከአምቦ አቅጣጫ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ እስከ ከሰም የሚዘልቅ ትልቅ የመሬት ስብራት ሰሜኑን ከፍ፣ ደቡቡን ዝቅ አድርጎ ያስቀረው ነው። ከተማዋ የተቀመጠችው ዝቅ ባለው ወገን ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከላይ የጠቀስኳቸው ወጣት እሳተ ገሞራዎች ትፋታቸውን ደርበውባታል። ይህን ያየ ሰው የአቃቂውን ጥያቄ ግማሽ መልስ አገኘ ማለት ነው፤ በደቡብ ያለው ዝቅጥ አለት፣ ማለትም የኖራ ድንጋዩ የሚገኝበት፣ ደለል ተከማችቶ የጠጠረው ድንጋይ፣ ወደ ታች ወርዶ ከዚያ በላይ ደግሞ በወፍራም ሽፋን ተቀብሯል።

ጫፉ ላይ ካለው የባሕር ዛፍ ደን ሥር የሚታየው ድንጋይ ፈዛዛ ግራጫ ነው፤ ትራካይትና ራዮላይት ይባላል፤ ዕድሜውም ወደ 22 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ከአቃቂው ጥቁር ባዛልት የሚለየው በሲሊካ የበለጸገና ቀልጦ ሲወጣ ወፍራም የነበረ በመሆኑ ነው፤ እንደ ባዛልቱ ሩቅ መፍሰስ ስላልቻለ በወጣበት ተከምሮ ተራራ ሆነ።

እንጦጦ የውኃ መለያም ነው። በደቡቡ ፊት የወደቀ ዝናብ በአቃቂ ወንዞች በኩል አዋሽ ገብቶ፣ ባሕር ሳይደርስ አፋር ውስጥ በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ጥቂት መቶ ሜትሮች ወደ ሰሜን የወደቀው ግን በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ፣ ከዓባይም ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳል። ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚበጀው ሁለተኛው ውኃ ነው፤ ደጋውን የቆረጠውና ከሥር ያለውን የገለጠው እሱ ነውና።

ሱሉልታ ላይ ሜዳው በድርቆሽ ክምር ተሞልቶ ነበር። የሱሉልታ ድርቆሽና ወተት አዲስ አበባ ድረስ የታወቀ ነው፤ የሚገርመው ግን ምክንያቱ እዚህም ድንጋዩ መሆኑ ነው። ባዛልት ሲበሰብስ ጥቁር ዋልካ ይሆናል፤ ዋልካ ደግሞ ክረምት ሲጠጣ ያብጥና ውኃውን ወደ ታች አላሳልፍ ይላል፤ በጋ ሲመጣ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ሜዳው ዝርግ በመሆኑ ውኃው ቶሎ አይወርድም። ለእህል የማይመች ረግረግ ለሣር ተመቸ። ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ይኸው አፈር ጠላት ነው፤ መሠረቱን በየዓመቱ ስለሚያነሣና ስለሚጥል ቆርጦ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ግድ ይላል፤ በአካባቢው አዲስ የተሠሩ አንዳንድ አጥሮች ከወዲሁ ተሰንጥቀው አየን።

ጫንጮ አካባቢ የሲቢሉ ወንዝ ይሻገራል። ለአዲስ አበባ ውኃ አቅርቦት ይሆናሉ ተብለው በተደጋጋሚ ከሚጠኑት የሙገር ገባሮች አንዱ ነው። እዚህ ላይ ወንዙ ገና ሜዳ ላይ ዘና ብሎ ይፈሳል፤ የሚሄድበትን ገደል ያላየ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አይጠረጥርም። ጫንጮ አደርን።

ዓርብ፦ ደርባና የሙገር ገደል

ከጫንጮ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ደርባ የሚወስደው መንገድ ስለ ጭነት መኪናዎቹ ብቻ ቢወራ ይበቃል። ሾፌሩ ተመሳሳይ መንገድ ስንት ጎማ እንደበላበት እያወጋን፣ ከፊታችን ያለ መኪና ያስነሣው ነጭ ብናኝ በመንገዱ ዳር ያለውን የጤፍ ነዶ ሁሉ አልብሶት አየን። አንዲት እናት ነዶውን እያራገፉ፣ «እህሉን ስንፈጨው ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጫል፤ ለማን ብለን እንናገራለን?» አሉን። ድንጋዩን ማውጣት የማይቀር ከሆነ መንገዱን ውኃ ማርከፍከፍና ጭነቱን በሸራ መሸፈን ከባድ ነገር አይደለም።

ከደርባ ወዲያ ደጋው በድንገት ያልቃል። ገደሉ በአንዳንድ ቦታ ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ ከአፋፉ ላይ ቆመው ወዲያ ማዶ ያለውን ግድግዳ ሲያዩ ቀለማቱ ተራ በተራ ተደርድረዋል፦ ከላይ ጥቁር፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይና ሐምራዊ፣ ከዚያ ግራጫና ክሬም መልክ ያለው ወፍራም ደረጃ። ጥቁሩ ባዛልት ነው። የኢትዮጵያን ደጋ የሠራው ታላቅ የባዛልት ጎርፍ በአብዛኛው የወጣው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከሥሩ የነበረውን ሁሉ እንደ አክንባሎ ከድኖት ተቀመጠ። ወንዞቹ ባይቆርጡት ኖሮ ከሥሩ ምን እንዳለ የምናውቀው በጉድጓድ ብቻ ነበር።

ከባዛልቱ በታች ያለው የተለየ ዓለም ነው። በመካከለኛው ዘመነ ሕይወት፣ ምድር የዳይኖሰሮች በነበረችበት ጊዜ፣ ይህ አካባቢ ከባሕር ወለል ከፍ ያላለ ሰፊ ዝቅታ ነበር። መጀመሪያ ወንዞች አሸዋ ደለሉበት። ቀጥሎ ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከዛሬው ኦጋዴን በኩል፣ ባሕር ቀስ በቀስ እየገፋ መጣ፤ መጀመሪያ ጥልቀት የሌለውና ፀሐይ የሚያተነው በመሆኑ ጂፕሰም፣ የጀሶን ድንጋይ፣ አስቀመጠ፤ ጥልቀት ሲያገኝ ደግሞ ዛጎላቸው ከኖራ በተሠራ ፍጥረታት ተሞልቶ የኖራ ድንጋይ ሠራ። ኋላም ወደ መጣበት ሸሸ፤ በመውጫው ጭቃ፣ ከጭቃው በላይ ደግሞ እንደገና የወንዝ አሸዋ ተከመረ። የዓባይ ዝቅጥ አለት ተፋሰስ የሚባለው ይህ ነው። በዓባይ ገደል በተለካው መሠረት የታችኛው አሸዋ ድንጋይ ወደ 300 ሜትር፣ ጂፕሰም ያለበት ክፍል ወደ 450፣ የኖራ ድንጋዩ ወደ 400፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ወደ 280 ሜትር ይወፍራል፤ በጠቅላላው ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ብዙ የማይርቅ የባሕርና የወንዝ ታሪክ ነው።

ስሞቹን መምህሩ እየወረድን ነገሩን። የታችኛው አሸዋ ድንጋይ የአዲግራት፣ የኖራ ድንጋዩ ደግሞ የአንጣሎ ይባላል። ሁለቱንም ስም ያወጣው ዊሊያም ብላንፎርድ የተባለ ጂኦሎጂስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ሆኖ ሲጓዝ ድንጋዩን ትግራይ ውስጥ በአዲግራትና በአንጣሎ አይቶ ጻፈ። ጦሩ መቅደላ ደርሶ ተመለሰ፤ የድንጋዩ ስም ግን ከትግራይ ተነሥቶ ሸዋ ደረሰ። ጂፕሰም ያለበት ክፍል ጎሐ ጽዮን፣ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ያለው የጭቃ ድንጋይ ሙገር፣ የላይኛው አሸዋ ድንጋይ ደብረ ሊባኖስ ይባላሉ፤ እነዚህ ስሞች የኋላ ናቸው፤ ለእኛ መንገደኞችም ካርታ ሆነው አገለገሉን።

በቁልቁለቱ መንገድ የመጀመሪያው ማረፊያችን አንዲት ምንጭ ነበረች። ከብቶቻቸውን ሊያጠጡ የወረዱ አንድ አባት፣ «ከጥቁሩ ድንጋይ የጠጣው ውኃ ነው ከዚህ የሚወጣው፤ በጋም አይደርቅም፤ ከዚህ በታች ግን እስከ ወንዙ ድረስ ጠብታ አታገኙም» አሉን። መምህሩ ሳቅ ብለው፣ «አባባ፣ እኛ ይህንን ለማስተማር አንድ ሴሚስተር ይፈጅብናል» አሏቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዝናቡ በተሰነጣጠቀው ባዛልትና በአሸዋ ድንጋዩ በኩል ሰርጎ ይወርድና ከሥር ያለው የጭቃ ድንጋይ ስለማያሳልፈው በመጋጠሚያው ላይ ወደ ጎን ይወጣል። የገደል አፋፍ መንደሮች ለምን በአንድ ከፍታ ላይ እንደ መቀነት ተሰልፈው እንደሚታዩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የኖራ ድንጋዩ ላይ ስንደርስ ረጅም ሰዓት ቆየን። ከሩቅ አንድ ወጥ የሚመስለው ግድግዳ ከቅርብ ሲታይ በቀጫጭን ንጣፎች የተደራረበ ነው፤ አንዳንዱ ንጣፍ ድፍን፣ አንዳንዱ በዛጎል ስብርባሪ የተሞላ። መምህሩ ከኪሳቸው ጠብታ የሚያወጣ ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው በውኃ የተበረዘ አሲድ አንድ ጠብታ ጣሉበት፤ ወዲያው ተንጨርጭሮ ነጭ አረፋ አወጣ። አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ድንጋዩ በባሕር ሳለ አፍኖ የያዘው ጋዝ። ከዚያም አንዱን ፈርከስ ያለ ንጣፍ በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብለው ሲከፍቱት ሁለት ክዳን ያለው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ዛጎል፣ ጥርብ መስመሮቹ አንድ ሳይጎድሉ ተገለጠ። ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ሾፌሩ ደጋግሞ ካገላበጠው በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኔ ይህንን ነው ለስንት ዓመት በኩንታል ስጭን የኖርኩት?» አላቸው። «ይህንኑ ነው» አሉት።

አባባሉ ቀልድ አይደለም። ሲሚንቶ ለማምረት ከሚገባው ጥሬ ዕቃ አምስት እጁ አራቱ ገደማ የኖራ ድንጋይ ሲሆን ቀሪው ሸክላና ብረት ያለበት አፈር ነው። ተፈጭቶ ወደ እቶን ሲገባ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ያ አሲዱ ያሳየን ጋዝ ይለቀቃል፤ ከንጹሕ የኖራ ድንጋይ ክብደት 44 በመቶው በዚሁ መልክ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የቀረው ኖራ ከሸክላው ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሲግል ተጋግሮ ክሊንከር የሚባል ጥቁር ጠጠር ይወጣዋል። አንድ ቶን ክሊንከር ለማግኘት አንድ ቶን ተኩል የሚሆን የኖራ ድንጋይ ያስፈልጋል። ከዚያ ክሊንከሩ ሲፈጭ ከ3 እስከ 5 በመቶ ጂፕሰም ይጨመርበታል፤ ያለሱ ሲሚንቶው ውኃ እንደነካው ይደርቅና ግንበኛው ማንኪያውን ሳያነሣ ይጠጥርበታል። ፋብሪካው አጠገብ የኖራ ድንጋይ፣ የጭቃ ድንጋይና ጂፕሰም በአንድ ገደል ውስጥ ተደራርበው መገኘታቸው እንግዲህ ትልቅ ዕድል ነው፤ የጎደለው ከሲሚንቶው ጋር የሚቀላቀለው ፑሚስ ብቻ ነው፣ እሱን ስምጥ ሸለቆው ይሰጣል።

የሙገር ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውም፣ የደርባው በ2004 ዓ.ም.፣ የዳንጎቴው በ2007 ዓ.ም. የተከተሉትም፣ በቅርቡ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የለሚው የተመረቀውም በዚህ ምክንያት ነው። የፋብሪካዎቹን ካርታ የሣሉት ባለሀብቶች ሳይሆኑ ወንዞቹ ናቸው፤ ሙገርና ጀማ የተባሉት የዓባይ ገባሮች የባዛልቱን ክዳን ባነሡበት ሁሉ አንድ ጭስ ማውጫ ቆሟል። በእኔ ግምት የከተማዋ አስተዳዳሪዎችም ሆኑ ነዋሪዎች ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ሲነጋገሩ ስለ ነዳጅና ስለ ውጭ ምንዛሪ ብቻ ማውራታቸው ትልቅ ጉድለት ነው። የዚህ ድንጋይ ጥሩው ክፍል፣ ማግኒዚየሙ ያነሰውና ከጭቃ ንጣፍ የጠራው፣ በየገደሉ ሁሉ በእኩል አይገኝም፤ ከተቆረጠም የሚተካው ባሕር የለም።

ጂፕሰሙን ያገኘነው ከዚያ በታች ነው። ነጭና ግራጫ ንጣፎች እየተፈራረቁ ይወርዳሉ፤ በመሐል የሐር ክር የሚመስሉ የሚያብረቀርቁ ሥሮች አሉ። በጥፍር ሲጭሩት ይቧጠጣል፤ የኖራ ድንጋዩ ግን ጥፍር አይሰማውም። በአዲስ አበባ ሱቆች ጀሶ እየተባለ ለኮርኒስና ለግድግዳ የሚሸጠው ዱቄት ይኸው ድንጋይ በቀላል ሙቀት ውኃው ተነሥቶለት ነው፤ ውኃ ሲጨመርበት ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ወንዙ ድረስ መውረድ አልቻልንም፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፣ መምህሩም ጉልበታቸው አልፈቀደላቸውም። ወደ ላይ ስንወጣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች በአፋፉ ሣር ሲነጩ ነበር።

ቅዳሜ፦ ደብረ ሊባኖስና ጀማ

በጎጃም መንገድ ሙከጡሪን አልፈን ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወደ ደብረ ሊባኖስ ታጠፍን። ገዳሙን በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት መሠረቱት፤ የተቀመጠው ከገደል አፋፍ በታች ባለ ደረጃ ላይ ሲሆን፣ ከበላዩ ባዛልቱ ከሥሩ ደግሞ የራሱን ስም የያዘው አሸዋ ድንጋይ ነው። ከላይ የፖርቱጋሎች ድልድይ የሚባለውን አሮጌ የድንጋይ ድልድይ የሚያልፈው ወንዝ ወደ ገደሉ ተወርውሮ ከወረደ በኋላ ውኃው ወደ ጀማ ይቀጥላል።

አሸዋ ድንጋዩ ከቅርብ ሲታይ ቅንጣቱ በዓይን ይለያል፤ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫና ሮዝ መልክ እየተፈራረቀበት፣ ንጣፎቹ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ አጋድለው የተቆራረጡ ናቸው። መምህሩ መዳፋቸውን ባጋደሉት ንጣፎች ላይ አስጠግተው ውኃው በየት በኩል ይፈስ እንደነበር አሳዩን፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ የወንዙን አቅጣጫ በመዳፍ ማንበብ ይቻላል። ይህ አሸዋ በደንብ የጠራበት ቦታ ለመስታወት የሚሆን ሲሊካ ይሰጣል። በተመሳሳይ ዘመን ከተፈጠረው አሸዋ ድንጋይ የሚጠረበው የአምቦ ድንጋይ ደግሞ በአዲስ አበባ ብዙ የሕንፃና የአጥር ፊት ላይ ይታያል፤ በየቀኑ የምናልፈው ቢጫና ቡናማ ድንጋይ እሱ ነው።

ከአሸዋው በታች ያለው ቀይና ሐምራዊ የሙገር የጭቃ ድንጋይ ለግንባታ ሰው ብዙ ዋጋ የለውም፤ ለታሪክ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ባሕሩ ሸሽቶ ወንዝና ረግረግ በተተካበት ጊዜ የተፈጠረ ስለሆነ የየብስ እንስሳት አጥንት ያለበት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣ ጥናት በጀማ ሸለቆ ከዚሁ ድንጋይ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ወገኖችና የዳይኖሰር ጥርሶች፣ ከነሱም ጋር የአንድ ትንሽ አጥቢ እንስሳ ቅሪት መገኘቱ ተገልጿል። ኢትዮጵያ በሉሲ ስለምትታወቅ ከሉሲ አርባ ጊዜ እጥፍ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ቅሪት ከዋና ከተማዋ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ጥርሶቹ ትንንሽና ልምድ ባለው ዓይን ብቻ የሚለዩ ናቸው፤ እኛም አንድም አላየንም፤ ብናይም ማንሣት ሕጉ አይፈቅድም።

ከሰዓት በኋላ በጀማ ገደል አፋፍ ላይ ቆመን ሾፌሩ ከጫንጮ ጀምሮ ይዞት የነበረውን ጥያቄ አወጣው። «ኦጋዴን ጋዝ የተገኘው በዚሁ ዓይነት ድንጋይ ውስጥ ነው ብለዋል። ታዲያ እዚህ ለምን አይገኝም?» መምህሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው በሰፊው መለሱለት።

ሁለቱ ተፋሰሶች በእርግጥ ዘመዳሞች ናቸው። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ በዓባይ ወንዝ ዳር በዓይን ይታያል፤ በኦጋዴን ደግሞ በጥልቀት ተቀብሮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተገኘው የካሉብ ጋዝ መስክ ጋዙን ካጠራቀሙት አለቶች አንዱ ሆኗል። የኦጋዴን ተፋሰስ ስፋቱ ወደ 350,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን ደለሉም በአንዳንድ ቦታ በብዙ ሺህ ሜትር ይወፍራል። ነዳጅ ለማግኘት ሕይወት ያላቸው ነገሮች ቅሪት የበዛበት ምንጭ አለት፣ ያንን በልኩ የሚያበስል ጥልቀትና ሙቀት፣ የወጣውን የሚይዝ ቀዳዳማ አለት፣ እንዲሁም ወደ ላይ እንዳያመልጥ የሚዘጋ ክዳን በአንድ ላይ መገጣጠም አለባቸው። በዓባይ ተፋሰስ ከነዚህ አንዳንዶቹ አሉ፤ ወሎ ውስጥ ወረ ኢሉ አካባቢ ነዳጅ ወደ ምድር ገጽ ሲሰርግ መታየቱ ምንጭ አለቱ ባዶ እንዳልሆነ ያሳያል። ነገር ግን ወደ ገጽ የሰረገ ነዳጅ ያመለጠ ነዳጅም ነው። እዚህ ምድሪቱ ከፍ ብላ ተነሣች፣ በስብራት ተቆራረጠች፣ የእሳተ ገሞራ ሥሮች በመሐሏ አለፉ፣ በመጨረሻም ወንዞቹ እስከ ታች ሰነጠቋት። የኖራ ድንጋዩን ለሲሚንቶ የሰጠን ያው ገደል የነዳጁን ጎተራ በር ከፍቶ ሊሆን ይችላል።

«ስለዚህ ፍለጋው ከንቱ ነው?» አለ ሾፌሩ። መምህሩ እንደዚያ አላሉም፤ ባዛልቱ ሳይቆረጥ ተከድኖ የቀረበት ሰፊ ቦታ አለ፣ ነገር ግን ወፍራም ባዛልት ከላይ ሲኖር በድምፅ ሞገድ ከሥሩ ያለውን ማየት አስቸጋሪ በመሆኑ ወጪው ይበዛል አሉ። እኔም በበኩሌ በየጊዜው «በደጋው ነዳጅ ተገኘ» የሚል ወሬ ስሰማ የማስበው ይህንኑ ነው፤ ጠብታ ማየትና ለገበያ የሚበቃ ማጠራቀሚያ ማግኘት በመሐላቸው ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ አለ።

ያልደረስንበት የታችኛው ክፍል ብቻ ቀረ። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይንና የጎሐ ጽዮንን ስም የያዘውን ጂፕሰም ሙሉ በሙሉ ለማየት ከደብረ ሊባኖስ መታጠፊያ በዚያው ዋና መንገድ ወደ ሰሜን መቀጠል፣ ፍቼንና ገርበ ጉራቻን ማለፍ፣ ከጎሐ ጽዮን ጀምሮ ወደ ዓባይ ድልድይ መውረድና በደጀን በኩል መውጣት ያስፈልጋል። መንገዱ ሁሉንም ንጣፍ ከላይ እስከ ታች፣ ከታችም ወደ ላይ ሁለት ጊዜ ይቆርጣል። መምህሩ ተማሪዎቻቸውን ለረጅም ዓመታት የወሰዱበት መንገድ እሱ ስለሆነ፣ መሄድ የሚፈልግ ሰው ጠዋት ብርሃኑ በደጀን በኩል ያለውን ግድግዳ ሲመታ በጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ እንዲገኝ፣ ቁልቁለቱንም ከባድ መኪና ሳይበዛ እንዲጀምር ይመክራሉ።